አምስት ደቂቃ ቀልድ ለመሥራት፦ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 4

አንድ ሆቴል በወር አንዴ የግጥም ምሽት አለው። አዘጋጆቹ ፕሮግራማቸውን የሚያባዙት እኔ ጋ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ትንሽ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት አለኝ። ወረቀቱን ከማሽኑ ሳወጣ «ስምንት ገጣሚ በተከታታይ? ሰው አይተኛም?» አልኩ። «እንግዲያው አንተ መጥተህ አንቃቸው» አሉኝ። ለታኅሣሥ አምስት ደቂቃ ተሰጠኝ። እዚያው ቆመን ሳቅን። እስካሁን ከዚህ ሥራ የተገኘው ሳቅ እሱ ብቻ ነው።

ዕቃ፦ ደብተር 70 ብር። እስክሪብቶ ከሱቁ። የድምፅ መቅጃ ስልኬ ላይ አለ። ዛሬ የጻፍኩት፦ ቀኑን ብቻ።

ጥቅምት 9

አቋራጭ ፈለግኩ። ዩቲዩብ ላይ የፈረንጅ ስታንድአፕ አየሁና ሦስቱን ወደ አማርኛ መለስኩ። አንዱ ስለ አውሮፕላን ምግብ ነው። ለታናሽ ወንድሜ አነበብኩለት። ጨርሶ ሰማኝ። «ወንድምዓለም፣ አንተ መቼ ነው አውሮፕላን የተሳፈርከው?» አለ። አልተሳፈርኩም። ሦስቱንም ገጽ ቀደድኩ።

ጥቅምት 15

የማውቀውን ነገር ዘረዘርኩ። ቶነር። ፍላሽ ላይ ቫይረስ ይዞ የሚመጣ ተማሪ። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «እውነተኛ የመጨረሻ» የሚል ፋይል። የጓደኛውን የመመረቂያ ጽሑፍ አምጥቶ «ስሙን ብቻ ቀይርልኝ» የሚል ሰው። የእድር ስብሰባ። ባጃጅ። ዓባይ በረሃን በአውቶብስ መውረድ። በአንድ ማታ 23 ሐሳብ ሆነ። ደስ አለኝ። በማግስቱ ሳነበው ግን ቀልድ የሚባል አንድም የለም። ሁሉም ርዕስ ነው። «ባጃጅ» ብሎ መጻፍ አያስቅም።

ከሁሉም የዓባዩን መረጥኩ። ምክንያቱም እውነት ነው። አንዲት እናት አጠገቤ ተቀምጠው ቁልቁለቱን ሙሉ ስለት ሲሳሉ ሰምቻለሁ።

ጥቅምት 22

የመጀመሪያው ረቂቅ ሁለት ገጽ ተኩል ነው። አጀማመሩን እንዳለ ልገልብጠው፦

«ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ደጀንን ካለፉ በኋላ መንገዱ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው። ከታች በጃፓን እርዳታ የተሠራው ድልድይ ይገኛል። ከጎኑ አሮጌው ድልድይ አለ። ከዚያ ሽቅብ ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል…»

ቀልድ አይደለም፣ የጂኦግራፊ ፈተና ነው። ይሄን የማነበው ለማርቆስ ሰው መሆኑን ረስቼዋለሁ። ለቀባሪው አረዱት። ቤት ውስጥ ሳነበው 4 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ፈጀ። ሳቅ የለም። እናቴ ብቻ ደንግጣ «ከዚያስ? በሰላም ገባችሁ?» አለች።

ኅዳር 1

ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተማሩ አንድ መርጌታ አንዳንዴ ለደብሩ ወረቀት ሊያባዙ ይመጣሉ። የኔታ ነው የምላቸው። ወረቀታቸው እስኪወጣ ረቂቄን አነበብኩላቸው። እያፈርኩ ነው ያነበብኩት።

«እኛ ቅኔ ስንማር ቀን ቀን ዛፍ ሥር ገብተን እንቆጥራለን» አሉ፤ ቅኔውን በልብ መፍጠር ማለታቸው ነው። «ሲመሽ ለመምህሩ እንነግራለን። እሱ ያቃናል። ካልሆነም አፍርሰህ ቁጠር ይልሃል።» የቆጠረውን ሳይነግር የሚያድር ተማሪ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። «አለ። እሱ አይማርም።»

ከዚያ ወረቀቴን በሁለት ጣት አንሥተው ክብደቱን ለኩት። «ጀማሪ የሚነሣው ከጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት። አንተ በመወድስ ጀመርክ።» ሁለቱም የቅኔ ዓይነት ናቸው፤ ቤት የሚባለው ስንኝ ነው። መወድስ ስምንት ቤት ነው። እሳቸው ሲናገሩት እኔ ሳቅኩ። ልብ በሉ፣ በዚህ ንግግር ውስጥ ቀልድ የሠራው ሰው እኔ አይደለሁም።

የወሰድኩት ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ቀን የጻፍኩትን ማታ ለሰው እናገራለሁ፤ ካልተናገርኩ አልጻፍኩም ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ሁለት ገጽ ተኩሉ ስምንት መስመር ይሆናል።

ኅዳር 10

ነገራ (የጻፍኩትን ለሰው መንገር) የሚካሄድበት ቦታ ተገኘ፦ ሰፈራችን ያለች ጠላ ቤት። ባለ ጠላዋን «እትዬ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ትንሽ ቀልድ ብሞክር ይከፋዎታል?» ብዬ ፈቃድ ጠየቅኩ። «ሰው ካልወጣብኝ» አሉ። ያጠረው ቀልድ ይኸው፦

«አውቶብሱ ደጀንን እንዳለፈ አጠገቤ ያሉት እማማ ‹ጊዮርጊስዬ፣ ጧፍ አስገባለሁ› አሉ። ሁለተኛው ኩርባ ላይ ‹ጃንጥላ አስገባለሁ› አሉ። መኪና ሲመጣብን ‹በግ አስገባለሁ› አሉ። ፍሬኑ መሽተት ሲጀምር ‹ወይፈን አስገባለሁ› አሉ። ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ‹እማማ፣ ወይፈኑስ?› ብዬ ብጠይቃቸው ‹ሹፌሩ ጎበዝ ነው› አሉኝ።»

ውጤት፦ ፈገግታ። አንድ ሰው «ህ» አለ። ማንም አልወጣም።

ቤት ገብቼ ቅጂውን ስምንት ጊዜ ሰማሁት። ችግሩ በስምንተኛው ታየኝ። «ሹፌሩ ጎበዝ ነው» ስል አንድ ሁለት ሰው መሳቅ ሲጀምር ይሰማል። ወዲያው «አሉኝ» የምትለው ቃል ትመጣና ሳቁ ላይ ትቀመጥበታለች። ወሬው አላለቀም ብለው ሰዎቹ ሳቃቸውን ዋጡት። ፈረንጁ «እንዲህ አለ» ብሎ ይጀምርና ቀልዱን መጨረሻ ላይ ይጥላል። በኛ ቋንቋ ግን «አለ» የሚመጣው ከተባለው ነገር በኋላ ነው። ሳቂው ቦታ ላይ ሁልጊዜ አንድ ግስ ተገትሮ ይጠብቃል።

አምስት «አሉ» በአምስት ዓረፍተ ነገር። እንዴት እንዳልታየኝ!

ወጪ፦ ለአድማጮቼ ጠላና ቆሎ፣ 180 ብር።

ኅዳር 11

«አሉ»ን የማጥፋት ሙከራ። ሦስት መንገድ አገኘሁ።

አንዱ ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ «ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?» ማለት። «እማማ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹ሹፌሩ ጎበዝ ነው!›» ግሱ ወደ ፊት ሄደ፣ ጫፉ ነጻ ሆነ። ይሄን አባባል ለወሬ ማጣፈጫ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሥራ አለው። ግን በአንድ ቀልድ ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ከተጠቀምክበት ይሰለቻል።

ሁለተኛው፣ ከንግግሩ በፊት ሰውየው አንድ ነገር እንዲያደርግ ማድረግ ነው። «እማማ ዞር አሉ፦ ‹…›» ካልክ ተናጋሪው ታወቀ፤ «አሉ» ብሎ መድገም አያስፈልግም።

ሦስተኛው ሁለት ሰው ሆኖ መሥራት ነው። ማታ የልመነህ ታደሰንና የአለባቸው ተካን የድሮ ሥራ ከፍቼ ሰማሁ። ደረጀ ኃይሌንና ሀብቴ ምትኩንም። ሁለት ሰው ሲነጋገር «አለኝ፣ አልኩት» የሚባል ነገር የለም። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይመልሳል፣ በቃ። የአማርኛ ኮሜዲ በጥንድ ጥንድ የደመቀው በዚህም ይሆን እንዴ አልኩ። የኔ ግምት ነው፣ ማስረጃ የለኝም። እኔ ግን ጥንድ የለኝም። ወንድሜን ጠየቅኩት፤ «ካልከፈልከኝ አላፍርም» አለ።

እንዲህ ቋንቋውን ስወቅስ አምሽቼ የአለቃ ገብረ ሃና ትዝ አለኝ። ለሳቸው ከሚሰጡት ቀልዶች አንዱ፦ አህያ የሚነዳ ሰው ያገኛሉ። «እንደምን አደራችሁ?» ይሉታል። አለቀ። ሰውየው አንድ ነው፣ ሰላምታው የብዙ። ቀልዱ ያለው «ችሁ» ላይ ነው። እኔ ግሱ መጨረሻ ላይ ገተረብኝ ብዬ አለቅሳለሁ፤ እሳቸው ሙሉውን ቀልድ ግሱ ጭራ ላይ አንጠለጠሉት። ደብተሩን ዘግቼ ተኛሁ።

ኅዳር 17

ሁለት ኪሳራ።

አንደኛው ገንዘብ ነው። ኮሌታ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክ በ850 ብር ገዛሁ፤ ቅጂው ይጠራል ብዬ። ማይኩ የሚቀዳው የኔን ድምፅ ብቻ ነው። እኔ የምፈልገው የሰዉን ሳቅ! የኔንማ አውቀዋለሁ። ስልኩን ጠረጴዛ መሐል ማስቀመጥ ይሻላል። ማይኩ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ፈላጊ ካለ እሸጣለሁ።

ሁለተኛው የቃላት ጨዋታ ነው። «ይህ ዶሮ ይበላል?» የሚል ጽፌ ነበር። ወረቀት ላይ ሁለት ትርጉም አለው፤ ዶሮው እህል ይበላል ወይ፣ ወይስ ዶሮው ራሱ የሚበላ ነው? ለጓደኛዬ በቴሌግራም ስልክለት የሳቅ መዓት መለሰልኝ። ጠላ ቤት ስናገረው ሞተ። ወረቀቱ ጥብቀትና ላላት አያሳይም፤ አፍ ግን ያሳያል። አላልቼ ካልኩት አንዱ ትርጉም ብቻ ይቀራል፣ አጥብቄ ካልኩትም ሌላው ብቻ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መጥራት አይቻልም። ሞክሬያለሁ፤ የታመምኩ መሰልኩ።

እና ደብተሩን ለሁለት ከፈልኩት፦ «የዓይን ቀልድ» እና «የጆሮ ቀልድ»። የዓይኖቹ ለቴሌግራም ይቀመጡ። ከነበሩኝ ስድስት የቃላት ጨዋታዎች አራቱ የዓይን ሆነው ተገኙ።

ኅዳር 24

ከቅጂው ላይ ምልክት ማድረግ ጀመርኩ። ከእያንዳንዱ መስመር ጎን «ሳ» ለሳቅ፣ «ፈ» ለፈገግታ፣ «ዝ» ለዝምታ። ፈገግታ በቅጂ አይሰማም፣ ስለዚህ ወንድሜ ጥግ ተቀምጦ ይይዝልኛል (በአንድ ጠርሙስ ለስላሳ)። የዛሬው ውጤት፦ 2 ሳ፣ 5 ፈ፣ 11 ዝ።

ሁለቱ «ሳ» ጥሩ ነበሩ። ከጨረስኩ በኋላ ግን አንድ ሽማግሌ ጠሩኝ። «ልጄ፣ በሴትዮዋ ስለት ለምን ትቀልዳለህ? ተጨንቀው ነው የተሳሉት።» ልከራከር ፈልጌ ነበር። ቀልዱ በስለቱ አይደለም፣ በዋሾነታቸው ነው ልል። ያ ደግሞ ይብሳል። እናትየው እውነተኛ ሰው ናቸው። ስለቱንም ይሙሉ አይሙሉ አላውቅም፤ «ሹፌሩ ጎበዝ ነው» የምትለዋን እኔ ነኝ የጨመርኩት።

የእድራችንን ጸሐፊ የሚመለከት ሌላ ሁለት መስመርም ነበረኝ። እሱም ጆሮው ደርሶ ሱቄ መጣ። ኮፒ አላስገለበጠም፤ ቆሞ አየኝና ሄደ። ያን ቀን ማታ ስሙንም ሥራውንም አወጣሁ። በኋላ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት። «ምንም አይደል» አለ። ምንም አይደል ያለበት ድምፅ ግን ምንም አይደል የሚል አይደለም።

የሚቀጥለው ሙከራ፦ የሚሳለው ሰው እኔ ልሁን። ዋሾውም እኔ። እማማ ይታዘቡኝ።

ታኅሣሥ 1

ሠራ! «ወይፈን!» ብዬ ስጮህ ከበፊቱ እጥፍ ሳቁ። የሌላ ሰው ፍርሃት ከምናሳይ የራሳችንን ፍርሃት ብናሳየው ሰው ዘና ይላል መሰለኝ። በጉንም ቆረጥኩት። ጧፍ፣ ጃንጥላ፣ በግ፣ ወይፈን አራት ነው፤ በሦስተኛው ላይ ሰው ነገሩ ገብቶት መጠበቅ ይጀምራል፤ አራተኛው ሲመጣ ቀድሞኝ ደርሷል። ጧፍ፣ ጃንጥላ፣ ወይፈን። ከጃንጥላ ወደ ወይፈን ሲዘል ዝላዩ ራሱ ያስቃል።

ከዚያ የሆነውን ልጻፈው። «እማማ፣ ሹፌሩ እኮ ጎበዝ ነው» ብዬ ጨረስኩ። ሰዉ ሳቀ። ጥግ ላይ እንዝርት የሚያሾሩ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ቀና ሳይሉ፣ ጥጡን እየሳቡ፣ «መመለሻህም በዚሁ ነው» አሉ።

ቤቱ ፈረሰ። እኔ ራሴ ተቀመጥኩ። ባለ ጠላዋ ዓይናቸውን በነጠላቸው ይጠርጋሉ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ፍጻሜ ያልኩት ነገር ለካ መንደርደሪያ ኖሯል። ሦስት ቃል፣ እንዝርት ሳያቆሙ።

«እማማ፣ ይቺን ልውሰዳት?» አልኳቸው። «ምኗን?» አሉ። ምን እንዳሉ አያውቁትም። ቀዳሁላቸው። ወጪ፦ 40 ብር፤ እስካሁን ካወጣሁት ሁሉ የማይቆጨኝ።

ታኅሣሥ 10

ንጹሑ ቅጂ፦

«ደጀንን እንዳለፍን ገደሉ ታየኝ። ‹ጊዮርጊስዬ፣ ጧፍ አስገባለሁ!› ኩርባው ላይ የጭነት መኪና መጣብን። ‹ጃንጥላ!› ፍሬኑ መሽተት ጀመረ። ‹ወይፈን!› ጎሐ ጽዮን ወጥተን አውቶብሱ ቆመ። አጠገቤ ያሉት እማማ ዞር አሉ። ‹ልጄ፣ ወይፈኑስ?› ‹እማማ፣ ሹፌሩ እኮ ጎበዝ ነው።› እሳቸው ሆዬ ነጠላቸውን አስተካክለው፦ ‹መመለሻህም በዚሁ ነው።›»

አንድ ደቂቃ አይሞላም። ለአምስት ደቂቃ አራት ተጨማሪ ያስፈልገኛል። ስለ ኮፒ ቤቱ ሁለት አሉኝ፦ «እውነተኛ የመጨረሻ» የሚለው ፋይል (ሳ)፣ ስሙን ብቻ ቀይርልኝ የሚለው ተማሪ (አንዴ ሳ፣ አንዴ ዝ)። የእድሩ ስብሰባ ያለ ጸሐፊው ደክሟል። ሆኖም ሌላ የለኝም።

ታኅሣሥ 21

ትናንት ማታ ነበር።

ገጣሚዎቹ ሰዓት በሉ። ተራዬ ሲደርስ አዘጋጁ ጆሮዬ ላይ «በሦስት ደቂቃ ጨርስ» አለኝ። ከአምስት ሦስት! ደረጃውን ስወጣ በልቤ እየቆረጥኩ ነው። የቱን እንደምቆርጥ ሳልወስን ማይኩ ጋ ደረስኩ፤ በእድሩ ስብሰባ ጀመርኩ። የደከመውን ከፊት! ዝ። ዝ። ዝ። አንድ ሰው ወንበር ሲጎትት ተሰማ። ጉሮሮዬ ደረቀ። የፋይሉን ቀልድ በጥድፊያ ነገርኩ፤ ከኋላ የተቀመጡት ተማሪዎች ሳቁ። እነሱ ናቸው ፋይሉን የሚያመጡት።

የዓባዩ ላይ ዘና አልኩ። «ወይፈን!» ላይ ጥሩ ሳቅ ሆነ። «ሹፌሩ እኮ ጎበዝ ነው» ላይ ደግሞ የበለጠ። እዚህ ጋ ነው ያበላሸሁት። ሳቁ ሳይበርድ የእማማን መልስ ደረብኩበት። ከፊት ያለው ረድፍ ሰማ፣ ከኋላ ያለው አልሰማም። «ምን አሉ? ምን አሉ?» የሚል ጉርምርምታ ተነሣ። ቆምኩ። ጸጥ እስኪል ጠበቅኩ። ነጠላ የማስተካከል ምልክት አሳየሁና ቀስ ብዬ ደገምኩት፦ «መመለሻህም በዚሁ ነው።» አዳራሹ ያኔ ነው የተነሣው። ከስሕተቱ ያተረፍኩ ሳይሆን አልቀርም፤ መጠበቁ ጠቀመኝ። ለሚቀጥለው ጊዜ በቀይ ጻፍኩ፦ ሳቅ ላይ አትናገር። ጠላ ቤት ውስጥ ዐሥር ሰው ነው፣ ሳቁ ቶሎ ያልቃል። 80 ሰው ሲስቅ እንደ ማዕበል ነው፣ ደርሶ እስኪመለስ ጊዜ ይወስዳል።

ቅጂው፦ 9 ሳ፣ 8 ዝ። ርዝመት 3 ደቂቃ ከ40። ጠቅላላ ወጪ፦ ደብተር 70፣ ማይክ 850፣ ጠላና ቆሎ በአራት ቅዳሜ 610፣ ለስላሳ 105። 1,635 ብር። ገቢ፦ አዘጋጆቹ ሻይ ጋብዘውኛል።

ዛሬ ጠዋት ለአሮጊቷ ልነግራቸው ጠላ ቤት ጎራ አልኩ። ሰው ሁሉ በሳቸው ነገር እንደ ሳቀ ነገርኳቸው። «ሞኝ ነው እንዴ ሰዉ?» አሉ። «እውነት እኮ ነው፣ መመለሻው በዚያው ነው።»

ጥር 7

አንድ የማላውቀው ሰው አራት ገጽ ሊያስገለብጥ መጣ። ማሽኑ እስኪሞቅ «አንድ ነገር ላጫውትህ» አለ። የአጎቱ ልጅ ዓባይ በረሃ ላይ የደረሰበትን። ጧፍ፣ ጃንጥላ፣ ወይፈን። ዝም ብዬ ሰማሁት። የማቋርጥበት አንጀት አጣሁ።

ጎሐ ጽዮን ሲደርስ ግን ከኔ ተለየ። «አውቶብሱ ቆመ» አላለም። «ጎሐ ጽዮን ጥብስ አዘዘ። እማማ ሳህኑን አዩት። ‹ልጄ፣ ይሄ ነው ወይፈኑ?›»

ሳቄ አመለጠኝ። ከልቤ ነው የሳቅኩት፤ መጨረሻውን እያወቅኩ። ሦስት ወር ሙሉ ያ ሰውዬ ጎሐ ጽዮን ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ አንዴም የሚበላ ነገር አላዘዝኩለትም። ደብተሩን ከመሳቢያ አውጥቼ «አውቶብሱ ቆመ» የሚለውን ሰረዝኩ።

ሒሳብ ሊከፍል ኪሱ ገባ። «ተወው» አልኩት።

«ለምን?»

«ለጥብሱ።»

አልገባውም። ወረቀቱን ይዞ ሄደ።